ሐዲዱና ድርጅቱ፦ ከሽመንደፈር እስከ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር

(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በጥቂቱ የታረመ)



የዝግጅት ኮሚቴው «ከምትሠራበት ሙያ አንድ ነገር አካፍለን» ሲለኝ ብዙ አላሰብሁም። ከዚህ ግቢ ተመርቄ ከወጣሁ ጀምሮ የኖርሁት በትራንስፖርት ሂሳብና ዕቅድ ሥራ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የመረጥሁት ርዕስ የከተማ ባቡር ነው። «ሐዲድ ካልደረሰበት ከአብርሃ ጅራ መጥቶ ስለ ባቡር ሊያወራልን ነው እንዴ?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ከፊት ወንበር ሲስቁም እያየሁ ነው። ይሁን። ሐዲድ ያልደረሰበት አገር ሰው ስለ ሐዲድ ቢጠይቅ ምክንያት አለው፤ ነገ ሲደርሰው ምን እንደሚደርሰው አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል።

የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። አንዱ የባቡር ድርጅት ዘጠና ዓመት ሲያገለግል ሌላው አሥር ዓመት ሳይሞላው የሚደክመው ለምንድን ነው? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ሐዲድና ፉርጎ በገንዘብ ይገዛል፤ በብድርም ይገዛል። ድርጅት ግን አይገዛም። ድርጅት የሚሠራው በሰው ሙያና በትክክለኛ ሂሳብ ነው፤ እሱም ጊዜ ይወስዳል።

፩. ሽመንደፈር

ከመጀመሪያው እንጀምር። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የታሰበው ሐረርን እንዲነካ ነበር፤ ተራራው አላስጠጋ ስላለ ሐዲዱ በቆላው አለፈና በባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ። እዚያ ላይ ገንዘቡ አለቀ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ ባለቤትነቱን ሲሻሙ ዓመታት አለፉ። ከዚያ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ በአዲስ ውል ተተካና ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሥ ይህን ሳያዩ በ1906 ዓ.ም. ዐርፈዋል። «ለገሃር» የምንለው ስም እንኳ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። ዛሬም ቆሞ የምናየው የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለመዘርጋት ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ ማለት ነው። በዛሬ ዓይን ስናየው ቀርፋፋ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀርፋፋ ሥራ ውስጥ ሌላ ነገር አብሮ ይገነባ ነበር፤ እሱም የድሬዳዋው የጥገና ጋራዥ ነው። ድሬዳዋዎች ድርጅቱን «ሽመንደፈር» ብለው የሚጠሩት በፈረንሳይኛው ስም ነው። በሽመንደፈር ልጅ በለጋነቱ ይቀጠራል፤ ከአንጋፋው ሥር ሆኖ ፋይል መያዝ፣ ቶርኖ ማዞር፣ ብየዳ ይማራል፤ ቀስ እያለ አንጋፋ ይሆንና በተራው ሌላ ልጅ ያስተምራል። ቋንቋው ፈረንሳይኛ፣ ሥራው የእጅ፣ ትምህርት ቤቱ ጋራዡ ራሱ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሲዘገይ የሚቻለውን እዚያው ቀርጾ መተካት የዕለት ሥራ ነበር።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር ጨምሩበት፤ ሂሳቡ። ባቡሩ የሚያመላልሰው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ቡናውን፣ ቆዳውን፣ ጨውን፣ ነዳጁን የሚጭነው እሱ ነበር። ከጭነት የሚገባው ገንዘብ ርካሹን የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ይደጉመው ነበር። በ1952 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ የአክሲዮኑ ግማሽ ባለቤት ሆነች፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤትም ወደ አዲስ አበባ መጣ።

ታዲያ በመጨረሻ አልሞተም ወይ? ሞተ። የአሰብ መንገድና የጭነት መኪና ጭነቱን ወሰዱበት፤ በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮቹ ፈረሱ፤ ሐዲዱ አረጀ፤ አዲስ ገንዘብ አልገባበትም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚደረገው ጉዞ ተቋረጠ። ዳሩ ግን ዘጠና ዓመት ማለት ቀላል አይደለም፤ ሦስት መንግሥት፣ አንድ የጣልያን ወረራና አንድ የሶማሊያ ጦርነት አሳልፏል። ያቆየው የፈረንሳይ ብረት ጥንካሬ ብቻ አልነበረም፤ ብረቱን የሚያውቅ የድሬዳዋ እጅ ነበር።

፪. ከአንበሳ እስከ ቀላል ባቡር

አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝብ ማመላለስ በድርጅት ደረጃ የተጀመረው ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ነው፤ አንበሳ አውቶቡስ። መነሻው ጣልያን ጥሎት የሄደው ተሽከርካሪ ነበር። በኋላ የአክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ በደርግ ተወረሰ፤ ከዚያም የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ሆኖ ቀጠለ። ስለ አንበሳ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም አዲስ አበባ ስትገቡ በር ላይ ተንጠልጥላችሁበታል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ፤ ቀለሙና ሞዴሉ ስንት ጊዜ ቢለዋወጥም ስሙ ከ80 ዓመት በላይ ኖሯል። ሾፌሩን፣ ትኬት ቆራጩን፣ ሜካኒኩን ከትውልድ ትውልድ የሚያወራርስ ድርጅት ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በአገራችን ብቸኛው በመንገድ መካከል የሚሄድ የኤሌክትሪክ የከተማ ባቡር የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ተቋቋመ። የግንባታው ውል ከአንድ የቻይና የመንግሥት ተቋራጭ ጋር ተፈረመ፤ ሥራው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ።

እያንዳንዱ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 22፣ 22 ጣቢያ አላቸው፤ አምስቱን በመሐል ከተማ ስለሚጋሩ በድምሩ 39 ይሆናሉ። ባቡሮቹ 41 ነበሩ፤ በቻይና ቻንግቹን የተሠሩ፣ ወለላቸው ዝቅ ያለ፣ እያንዳንዳቸው 300 ሰው ገደማ የሚይዙ። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች በዘመናዊነቱ የመጀመሪያው ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ተወራለት። ሰውም ወደደው። ከቃሊቲ መርካቶ ለሚመላለስ የቀን ሠራተኛ፣ ከአያት ሜክሲኮ ለምትሠራ ጸሐፊ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚባክን ሰዓት ተረፈላት። ዋጋው እንደ ርቀቱ 2 ብር፣ 4 ብር ወይም 6 ብር ነበር። ማስኬዱን በመጀመሪያ የያዘው የሼንዘን ሜትሮ ሲሆን በ41 ወር ውል ውስጥ ኢትዮጵያውያንን አሠልጥኖ እንዲያስረክብ ነበር የታሰበው።

እ.ኤ.አ. በ2023 አካባቢ በወጡ ዘገባዎች መሠረት ከ41ዱ ባቡሮች በሥራ ላይ የቀሩት ከአሥር አይበልጡም ነበር። ምክንያቱ አንድ ቃል ነው፤ መለዋወጫ። ከመለዋወጫ ጀርባ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ፤ ከውጭ ምንዛሪ ጀርባ ሂሳቡ።

፫. የባቡር ቤት ሂሳብ

እስቲ ሂሳቡን በእኛ አገር ቋንቋ ላስረዳ። በእኛ ቆላ «ባቡር» ማለት መጀመሪያ የእህል ወፍጮ ነው። «ማሽላውን ባቡር ቤት አድርሰህ ና» ስንባል ያደግን ልጆች ነን። ባቡር ቤቱ ያው አንድ ሞተር፣ አንድ ቺንጋ፣ ሁለት ድንጋይ ነው። ባለ ወፍጮው በኪሎ የሚያስከፍለው ገንዘብ አራት ነገር መሸፈን አለበት፤ ናፍጣውን፣ የአስፈጪውን ደመወዝ፣ የሚበጠሰውን ቺንጋና የሚያልቀውን ድንጋይ። ናፍጣውንና ደመወዙን ብቻ ሸፍኖ «ወፍጮዬ ይሠራል» የሚል ባለ ወፍጮ ካለ እያታለለ ያለው ራሱን ነው። ቺንጋው እስኪበጠስ ድረስ አትራፊ ይመስላል። ቺንጋው በተበጠሰ ቀን ግን ኪሱ ባዶ ነው፤ ሴቶቹም እህላቸውን ተሸክመው ሌላ መንደር ይሄዳሉ።

አሁን ይህን ሂሳብ ወደ አዲስ አበባ ውሰዱት። በ2008 ዓ.ም. ዶላር በባንክ 21 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ የ6 ብሩ ትኬት 28 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ያወጣ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ዶላር ከ50 ብር አለፈ፤ ያው 6 ብር 11 ሳንቲም ገደማ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ትኬት የሚሸጠው በብር ነው፤ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታው፣ ኤሌክትሮኒክሱ የሚገዛው በዶላር ነው። ታሪፉ ለዓመታት ሳይነካ ሲቆይ ባቡሩ በየቀኑ ሰው ሞልቶ እየሄደ በየቀኑ ይከስር ነበር ማለት ነው። ሞልቶ መሄዱ ደግሞ ኪሳራውን ደበቀው።

ከዚያ የሚሆነውን ጋራዥ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ተሽከርካሪ ይቆማል፤ ከሱ እየተፈታ ለሌላው ይገጠማል። ለጊዜው ጥሩ ነው። ግን አንዴ መፈታት የጀመረ መኪና ተመልሶ አይነሣም፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ይፈታል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ታሪፉ ይጨመር ነው የምትለው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። የቃሊቲው የቀን ሠራተኛ በቀን አራት ጊዜ ቢሳፈር ከገቢው ስንቱ ይሄድበታል? እኔ ድጎማን አልቃወምም። በዓለም ላይ ካሉት የከተማ ባቡሮች አብዛኞቹ ይደጎማሉ። የምለው ሌላ ነው፤ ድጎማው በግልጽ ይጻፍ። ትኬቱ የማይሸፍነው ይህን ያህል ነው፣ ከተማው የሚሸፍነው ይህን ያህል ነው፣ ለመለዋወጫ በዶላር የሚቀመጠው ይህን ያህል ነው ተብሎ በየዓመቱ በጀት ይያዝ። ያልተጻፈ ድጎማ ማለት ለቺንጋው የተቀመጠውን መብላት ነው።

፬. ይህ የእኛ ብቻ አይደለም

በአሜሪካ የከተማ ባቡር ኩባንያዎች ታሪክ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ እዚያ ሳነብ የራሳችንን ጉዳይ የማነብ መስሎኝ ነበር። በየከተማው የነበሩት ኩባንያዎች ከማዘጋጃ ቤት ጋር በገቡት ውል ዋጋቸው አምስት ሳንቲም ሆኖ ተቆርጦ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ደመወዝም፣ የብረት ዋጋም እጅግ ናረ፤ ትኬቱ ግን አምስት ሳንቲም ነው። ዋጋውን ለመጨመር የሞከረ ከንቲባ ምርጫ ይሸነፋል። በ1919 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከስረው ፍርድ ቤት ስለ ነበሩ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን እስከ ማቋቋም ደረሱ። ሰዉ «መኪና ነው ትራምን የገደለው» ይላል። መኪና የመጨረሻውን ምት መታ እንጂ ቀድሞ ያዳከመው ሂሳቡ ነው።

በሎስ አንጀለስ አካባቢ ደግሞ ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ ሄንሪ ሃንቲንግተን የሚባል ባለሀብት በ1901 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው። ከከተማ ከተማ እያገናኘ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ዘረጋ። ሰውየው ግን ብልጥ ነበር፤ ሐዲዱ ከመድረሱ በፊት መሬቱን ይገዛ ነበር። ባቡሩ ቢከስርም መሬቱ ያተርፋል። መሬቱ ተሸጦ ሲያልቅ ባቡሩ ያለ አባት ቀረ፤ የመጨረሻው መስመር በ1961 ቆመ። ከዚህ ለእኛ የሚሆን ትምህርት አለ። ሐዲድ ባለፈበት ቦታ ሁሉ የመሬትና የቤት ዋጋ ይጨምራል። ያ ጭማሪ የሚገባው ለማን ነው? ከሱ ትንሽ ድርሻ እንኳ ተመልሶ ወደ ባቡሩ የሚገባበት ሥርዓት ከሌለ ሐዲዱ ለሌላው ሀብት እየፈጠረ ራሱ ይራባል።

ወደ ራሳችን ሰፈር ስንጠጋ ሱዳን አለች። የቆላ ሽማግሌዎቻችን ባቡር አየን ሲሉ አዲስ አበባን አይደለም የሚሉት፤ ገዳሪፍን ነው። የሱዳን ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ገዳሪፍ ደርሶ ነበር፤ ከመተማ ወዲያ ጋላባትን ተሻግሮ ለሄደ ነጋዴ ባቡር ማለት እሱ ነበር። ካርቱም ደግሞ ከተማ ውስጥ የሚሄድ ትራም ነበራት። ክፍለ ዘመኑ ሲጀምር በእንፋሎት ተነሥቶ በኋላ በኤሌክትሪክ ሆኖ በነጭ ዓባይ ድልድይ ላይ ወደ ኦምዱርማን ይሻገር ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቆመ፤ ሐዲዱ አስፋልት ለበሰ። ዛሬ ብዙ ወጣት ሱዳናዊ ከተማው ትራም እንደ ነበረው ቢነገረው አያምንም። ድርጅት ሲሞት መጀመሪያ የሚጠፋው ትዝታው ነው።

በአፍሪካ የተሳካለትም አለ። ሞሮኮ ውስጥ የራባት ትራም በ2011፣ የካዛብላንካው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው የጀመሩት፤ ከእኛው ጥቂት ዓመት ቀድመው። ካዛብላንካ በአንድ መስመር ጀምራ በ2024 አራተኛውን ከፍታለች። እኛ ዘንድ የባቡር ቁጥር ሲቀንስ እነሱ ዘንድ መስመር ጨመረ። ስለዚህ «አፍሪካ ውስጥ አይሆንም» የሚለው ሰበብ አይሠራም።

፭. ወደ ግቢያችን

ይህን ሁሉ እዚህ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም።

የምድር ባቡር ኮርፖሬሽኑ ብሔራዊ ዕቅድ ሲወጣ ከወረታ ተነሥቶ በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚደርስ መስመር በካርታው ላይ ነበር። የኛ አገር ሰው ያን ካርታ ሲያይ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ሰሊጡና ጥጡ በጭነት መኪና ቀርቶ በፉርጎ ሲሄድ ይታየዋል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ በአይሱዙ ላይ ተጨናንቆ ከመሄድ ሲድን ይታየዋል። እኔም ይታየኛል። ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ የዚያን ባቡር ኩሽኔታ ማን ይቀይረዋል?

አብርሃ ጅራ ሰኔ ላይ ትራክተር ሲቆም ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም። ዝናቡ ገብቷል፤ መሬቱ ካልታረሰ የሰሊጥ ዘር ጊዜው ያልፋል። መለዋወጫ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ባለ ትራክተሩ በሬዲዮ የአየር ሁኔታ እየሰማ ቁጭ ይላል። በዚያ ሰዓት ከተማው ውስጥ ትልቁ ሰው ሀብታሙ አይደለም፤ የተሰበረውን ቀርጾ፣ በይዶ፣ ማታውኑ አስነሥቶ የሚሰድድ ሜካኒክ ነው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች አውቃለሁ። አብዛኞቹ ከስምንተኛ ክፍል አላለፉም፤ ሙያውን ያገኙት ከአንጋፋ ሥር ሆነው ነው፤ ልክ እንደ ድሬዳዋዎቹ። የምስክር ወረቀት የላቸውም። እኛ የምስክር ወረቀት አለን፤ እጅ የለንም። ሁለቱን የሚያገናኝ ድርጅት ነው የጎደለን።

ይህ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደ ተጀመረ ደግሞ እናስታውስ። በ1945 ዓ.ም. ደንቢያ ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። አገሪቱ ሐኪም አልነበራትም ማለት ይቻላል። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሆኖ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅን ከፈተ። ያን ጊዜ የተመረጠውን መንገድ ልብ በሉት። ከውጭ ሐኪም አስመጥቶ መቀጠል ይቻል ነበር፤ መድኃኒት ገዝቶ ማከፋፈልም ይቻል ነበር። የተመረጠው ግን ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒተሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ወረዳ መላክ ነበር። ተማሪው ገጠር ወርዶ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ምንጭ ያጎለብታል፣ ልጅ ይከትባል። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡት ሰዎች የአገሪቱን የጤና ጣቢያዎች ለብዙ ዓመት ተሸክመዋል። በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆንነው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ማለትም ይህ ግቢ ራሱ፣ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ ሰው ማብቃትን በመምረጥ የተወለደ ነው።

ዛሬ አገሪቱ የምትገዛው መሣሪያ በዝቷል። ባቡር ብቻ አይደለም። በሥራ ዘመኑ በመለዋወጫ እጦት ጥግ ላይ የቆመ የሕክምና መሣሪያ አይቶ የማያውቅ ሐኪም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። (ማንም አላወጣም።) እንግዲህ የባቡሩ ታሪክ የናንተም ታሪክ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ጥገናን እንደ ሙያ እናስተምር። ምህንድስና ክፍሎቻችን ንድፍ ያስተምራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን የተሠራን ነገር ሃያ ዓመት ማኖር የራሱ ዕውቀት አለው። የብልሽት መዝገብ መያዝ፣ መለዋወጫ ከማለቁ በፊት ማዘዝ፣ የትኛው ዕቃ እዚሁ ሊቀረጽ የትኛው ከውጭ ሊመጣ እንደሚገባ መለየት፤ ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። ከተማሪዎቻችን ጥቂቶቹ አንድ ክረምት ድሬዳዋ፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ የባቡር ዲፖ፣ ሌሎቹ ደግሞ ገንዳ ውሃና አብርሃ ጅራ የትራክተር ጋራዥ ቢያሳልፉ ምን እናጣለን?

ሁለተኛ፣ አንጋፋዎቹ በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። የሽመንደፈር ጡረተኞች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የአንበሳ አውቶቡስ የመጀመሪያ ሜካኒኮች ልጆች አሉ። የቀላል ባቡሩን የመጀመሪያ አሽከርካሪዎች፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ዛሬ ማግኘት ይቻላል። የታሪክ ክፍሉ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ እናያለን፤ ይኸው ርዕስ። ድርጅት ውስጥ የተደረገ ስሕተት ካልተጻፈ የሚቀጥለው ድርጅት በአዲስ ብድር ያንኑ ይገዛዋል።

ሦስተኛ፣ ሂሳቡን በድፍረት እንጠይቅ። እኛ ምሩቃን ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ አለን። በበጀት ስብሰባ ላይ አዲስ ተሽከርካሪ፣ አዲስ ማሽን፣ አዲስ ሕንፃ ሲቀርብ ሁላችንም እጃችንን እናወጣለን። ከዛሬ ጀምሮ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት «ለአሥረኛው ዓመት መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልን። ስብሰባው ላይ አስቸጋሪ ሰው መባል አይቀርም፤ ይባል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አልሞተም። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ የሠለጠኑት ልጆች አሉ፣ ተሳፋሪው ደግሞ በየማለዳው ከየጣቢያው ቆሞ ይጠብቃል። ድርጅቱ ገና ሊሠራ ይችላል። ወደ መተማ የሚመጣው ሐዲድም፣ መቼም ይምጣ መቼ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እኛው ውስጥ ያለ ሰው ነው። ያን ሰው ለማዘጋጀት ሐዲዱን መጠበቅ የለብንም፤ ለትራክተሩም፣ ለወፍጮውም፣ ለሆስፒታሉ መሣሪያም ዛሬውኑ ይፈለጋል።